መድፍ ያልነበረው ጎን

ስለ ትንሿ የእንጨት መርከብ መተማ ዮሐንስ ውስጥ ሁለት ታሪክ አለ። አንደኛው በከተማው አዳራሽ መግቢያ በቆመ ሰሌዳ ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፏል፦ «ይህች ባለ ሦስት ምሰሶ የጦር መርከብ በማኅበራችን አሥር አባላት የጋራ ጥረት፣ በተሰጠን አቅጣጫ መሠረት፣ በሦስት ወር ውስጥ ተሠርታ ተጠናቀቀች።» ሌላኛው የትም አልተጻፈም። እሱ እንደሚለው መርከቧን የሠራት አናጺው ቢያድግልኝ ነው፤ ብቻውን፣ አማቱ ግቢ ውስጥ ባለች አንዲት ክፍል፣ በሁለት ዓመት ከሁለት ወር። ሳይወግን ለሚመዝን ሰው የመጀመሪያው ታሪክ ብልጫ አለው፤ ማኅተም አርፎበታል። ሁለተኛው ያለው አንድ ምስክር ብቻ ነው፤ የቢያድግልኝ ሚስት ስርጉት። ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ሙሉ ምሳዋን ከእንጨት ብናኝ ጋር የበላችው እሷ ናት፤ ግን በረዶና ቀዝቃዛ ከርከዴ ስለምትሸጥ ለምስክርነት የሚተርፍ ጊዜ የላትም።

የሰሌዳውን ነገር ለቢያድግልኝ ያደረሰው ባጃጅ ነጂው ሙኽታር ነው። የሚያዝያ ቅዳሜ ነበር። ሙኽታር ከንጋት ጀምሮ ለአዳራሹ የፕላስቲክ ወንበር ሲያመላልስ ቆይቶ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በረዶ ሊገዛ ወደ ስርጉት መስኮት ብቅ አለ። ስርጉት በረዶውን ከፍሪጁ ግድግዳ በማንኪያ እጀታ ትፈለፍላለች፤ ቢያድግልኝ በሩ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ያስራል። ቆርቆሮው ጣሪያ ከአሁኑ መንጣጣት ጀምሯል።

«ያ ዞል፣» አለ ሙኽታር፣ «አንተ ሰው» ማለቱ ነው በሱዳንኛ፣ «መርከብህ አሥር አባት አገኘች፤ እንኳን ደስ አለህ።»

«የምን አሥር?»

«ሰሌዳው ላይ ነዋ። አሥሩም በየስማቸው ተዘርዝረዋል። የአንተን ፈልጌ አጣሁት። ምናልባት ከኋላ ይሆናል ብዬ ሰሌዳውን ዞርኩት፤ ከኋላው ያለው ያለፈው ዓመት የወባ ዘመቻ ነው።»

ስርጉት የበረዶውን ከረጢት ቋጠረችና «አርባ ብር» አለች። ግቢው መሐል፣ ኒሙ ዛፍ ሥር፣ አባቷ አቶ ገብረማርያም የገመድ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ፊታቸውን ይታጠቡ ነበር፤ ሁሉንም እንደሰሙ ያስታወቀው ውሃውን ፊታቸው ላይ ማፍሰስ ማቆማቸው ነው። ከዚያ ፎጣቸውን አጣጥፈው፣ ነጭ የነበረውን የባሕር ኃይል ቆባቸውን ደፍተው፣ ማንንም ሳያናግሩ ወጡ። ይህ ቢያድግልኝን አላስደነቀውም። አማቱ እሱን ካላነጋገሩት አምስት ወር ሆኗቸዋል። በአንድ በር ይገባሉ፣ በአንድ ትሪ ይበላሉ፣ ነገር ሲኖራቸው በስርጉት በኩል ይላላካሉ። «ባልሽን ጨው አቀብለኝ በይው» ሲሉ ጨው የሚያቀብለው ሰው ከእጃቸው አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው።

ጠቡ የመጣው በመርከቧ ነው። መርከቧ ከአፍንጫዋ እስከ ጭራዋ አንድ ሜትር ከአርባ ሳንቲም ናት። ገላዋ ዋንዛ ነው፤ ምሰሶዎቿ ሽመል፣ ሸራዎቿ አቡጀዲ፣ ገመዶቿ የሰሊጥ ጆንያ የሚሰፋበት ክር፣ አስተሳሰሩም የቆላው የገመድ አልጋ፣ አንገረብ፣ የሚጠለፍበት ነው፤ ቢያድግልኝ ሌላ ቋጠሮ አያውቅም። ሠላሳ ሦስቱን መድፎች ያወጣቸው ከስርጉት የሞተ ፍሪጅ ጀርባ ከቆረጠው የመዳብ ቱቦ ነው። መልኳን የቀዳው ከሱዳን ከመጣ የብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ነው፤ ባሕር አይቶ አያውቅም። ክዳኑ ላይ ያለችው መርከብ ደግሞ እንደ ማንኛውም ሥዕል አንድ ጎኗን ብቻ ነው የምታሳየው። በዚያ ላይ ቢያድግልኝ ሃያ ዓመት ቁምሳጥን የሠራ ሰው ነው። ቁምሳጥን ፊትና ጀርባ አለው፤ ፊቱ ይላጋል፣ ይቀባል፣ እጀታ ይገባለታል፤ ጀርባውን የሚያየው ግድግዳ ስለሆነ ስስ ቺፑድ ተመትቶበት ያልቃል። ስለዚህ መርከቧንም በሚያውቀው ሕግ ሠራት። ሠላሳ ሦስቱንም መድፍ ፊቷ ላይ ደረደረ፤ ጀርባዋን ለግድግዳ ተወው፤ ግድግዳ አስጠግቶም አቆማት።

አቶ ገብረማርያም በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ ሰባት ዓመት በባሕር ኃይል አገልግለዋል። መጀመሪያ የፈለጉት እሳቸው የሚያውቋትን ባለ ሞተሯን የቅኝት ጀልባ ነበር፤ የእሷ ሥዕል ያለበት ብስኩት ግን ገበያ ላይ አልተገኘም። በባለ ሸራዋ ተስማሙ። ከዚያ አንድ ቀን ዝቅ ብለው በግድግዳውና በመርከቧ መካከል አጮልቀው አዩና «የወዲያኛው ጎን መድፍስ?» ብለው ጠየቁ። ቢያድግልኝም፣ ክፋት አስቦ ሳይሆን የሥራውን ደንብ ሲያስረዳ፣ «ጋሼ፣ ወደ ግድግዳ ማን ይተኩሳል?» አላቸው። ሙኽታር መስኮቱ ላይ ነበርና ሳቀ። ሙኽታር የሳቀበት ነገር በባጃጅ ስለሚጓዝ፣ ምሳ ሳይደርስ ድንበሩ ድልድይ ላይ ያሉ ገንዘብ መንዛሪዎች ሁሉ «ወደ ግድግዳ ማን ይተኩሳል» ይባባሉ ጀመር። አዛውንቱ ከዚያን ዕለት ጀምሮ አማቻቸውን ማናገር ተዉ።

በዚያው ሳምንት ቢያድግልኝ የሚሠራባት በዋናው መንገድ ዳር ያለች ሱቅ ግድግዳ ላይ ቀይ ምልክት ተቀባ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፤ ምልክት ያለበት ሁሉ ይነሣል። የመነሻው ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ በመጨረሻ በሚመጣው ሰኞ ላይ አረፈ። ግቢው ሰፊ ነው፤ ከኒሙ ማዶ መጋዝ ማሽኑም፣ ጣውላውም፣ ሦስት አልጋም ጎን ለጎን ይዘረጋል። በስርጉት በኩል ተጠየቁ። አቶ ገብረማርያምም በስርጉት በኩል መለሱ፦ «እዚህ ግቢ ውስጥ መጋዝ ሲጮህ ከምሰማ ድልድዩን ተሻግሬ የሱዳን ጦርነት ውስጥ ብገባ ይሻለኛል።» መልሱ ግልጽ ስለነበር ሁለተኛ አልተጠየቁም። የቀረው ተስፋ የከተማው የሥራ ፈጠራ ጽሕፈት ቤት ከመናኸሪያው ኋላ ያሠራቸው አዲስ የቆርቆሮ ሼዶች ናቸው። ሼዶቹ የተሠሩት ለአናጺና ለብረት ሠራተኛ ነው፤ የሚሰጡት ግን ለማኅበር ብቻ ነው። ቢያድግልኝ አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ማኅበር አይደለም፤ ይህን በሦስት የተለያዩ ቢሮዎች በትሕትና አስረድተውታል።

ያን ቅዳሜ ጠዋት ቢያድግልኝ ከሙኽታር ኋላ ባጃጁ ላይ ተቀምጦ ወደ አዳራሹ ሄደ። በመንገዱ ሁሉ ሙኽታር የሰሊጥ ዋጋ እንደወረደ፣ ነዳጅ እንደጠፋ፣ ቧንቧ ውሃ ከመጣ ዛሬ አሥራ አንደኛ ቀኑ እንደሆነ ነገረው። አዳራሹ በር ላይ ከሰሌዳው በላይ በተዘረጋ ጨርቅ «ባሕር፣ ሥራ ፈጠራና ብሩህ ተስፋ» የሚል ተጽፏል። ከጨርቁ ሥር ሦስት ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የውሃ ቦቴ ይጠብቃሉ። ቢያድግልኝ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አነበበ። ቀስ ብሎ የሚያነብ ሰው ነው፤ የትኛውንም ወረቀት እንደ ጣውላ ነው የሚያየው፣ ስንጥቅ ይኖርበታል ብሎ። ከአሥሩ ስሞች ሁለቱን በሥራ ያውቃቸዋል፤ አንዱ ብረት ይበይዳል፣ አንዱ መስኮት ይገጥማል። አንዱ የሞባይል ካርድ ቸርቻሪ ነው። የቀሩት ሰባቱ መጋዝ የሚያውቁት በድምፁ ነው።

መርከቧ አዳራሹ መሐል፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ በለበሰ ጠረጴዛ ላይ ቆማለች። ከሦስት ሳምንት በፊት የጽሕፈት ቤቱ ሰዎች «ለዐውደ ርዕይ በውሰት» ብለው ሲወስዷት ጠጋ ብሎ «ግድግዳ አስጠጓት» ብሏቸው ነበር፤ እሺ ብለውት ነበር። አሁን ግን በዙሪያዋ ሁሉ ሰው ያልፋል። ወደ ወዲያኛው ጎን ዞረ። ያ እሱ ልሙጥ አድርጎ የተወው ጎን በሦስት ረድፍ ተበስቶ፣ በብር ቀለም የተቀቡ የእስክሪብቶ ቀፎዎች ተሰክተውበታል። አንዳንዱ ወደ ሰማይ ያነጣጥራል፣ አንዳንዱ ወደ ጠረጴዛው። የሦስተኛው ረድፍ ጫፍ ላይ ሦስት ቀዳዳ ባዶውን ቀርቷል። ቢያድግልኝ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገባ። ዋንዛው በወፍራም መሰርሰሪያ ስለተበሳ ጠርዙ ተቦጭቋል። ቁጣ የሚመጣበት ቀስ ብሎ ነው፤ ያኔ የመጣለት ቁጣ ሳይሆን «በቀጭኑ ጀምረው ቢያሰፉት ኖሮ» የሚል ሐሳብ ነበር።

«እንዴት ነች?» አለ ከኋላው ሰሎሞን፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር። ሰሎሞን ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፤ ማኅበር ሲያቋቁም ይህ አራተኛው ነው፤ ከብት ማድለብ፣ ንብ ማነብና ብሎኬት ከዚህ በፊት አልፈዋል። ሰላምታው ግን ከልብ ነው፤ ማንንም የሚጠላ ሰው አይደለም።

«ማን ነው የበሳት?»

«ማኅበሩ ነዋ። ጎደሎ ነበረች፤ ሞላናት። አንተ ግማሹን ሠራህ፣ እኛ ግማሹን። ታዲያ ማን ጨረሳት ሲባል ማን ይባላል? በሕግ ብትሄድ እንኳ ሠሪ የሚባለው ጨራሹ ነው።»

ቢያድግልኝ አሰበበት። ሐቀኛ ሰው ስለሆነ ነገሩ ውስጥ እውነት እንዳለ ታየው፤ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር ለአንዱ ጎን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለሌላው፤ ግን ጎን በጎንነቱ እኩል ነው። «ሦስቱ ቀዳዳስ?» አለ።

«እሱማ በአባል ነው። አሥር አባል፣ ለእያንዳንዱ ሦስት ሦስት መድፍ፤ እኩል ተሳትፎ እንዲኖር። ሠላሳ መጣ። ሦስቱ የአሥራ አንደኛው ናቸው።» ሰሎሞን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «የአንተ ናቸው፣ ወንድሜ። አስቀምጠንልሃል።»

ነገሩን ግልጽ ያደረገችለት ዐውደ ርዕዩን የምታስተባብረው መሠረት ናት። መሠረት የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ናት፤ ከሦስት ቀን ወዲህ አላረፈችም፤ እጇ ላይ አራት ፋይል፣ አንገቷ ላይ ሁለት ቁልፍ ነበራት። ወደ ጥግ ወስዳ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አወራችው። «ቢያድግልኝ፣ አንተ እንደሠራሃት እኔም አውቃለሁ። ቤታችን ያለው አልጋ የአንተ ሥራ ነው፤ እጅህን አላጣውም። ግን መመሪያው ለግለሰብ አይፈቅድም። ሼድ ቁጥር ሰባት ለመርከቧ ሠሪ ማኅበር ተይዟል። ዛሬ ከዞን የሚመጡት እንግዳ ቁልፉን ያስረክባሉ። አንተ አሥራ አንደኛ ሆነህ ቃለ ጉባኤው ላይ ትፈርማለህ፤ ሰኞ ማሽንህን ታስገባለህ። እነሱ እንደሆኑ አይመጡም፤ ሼዱ የአንተ ነው የሚሆነው። ይህን ስልህ ራሴን ጥያቄ ውስጥ እያስገባሁ ነው።»

«ስሜ ግን ሰሌዳው ላይ የለም።»

«ሰሌዳው ታትሞ አልቋል። ሰሌዳ የዛሬ ነው፤ ሼድ የሃያ ዓመት ነው።»

ይህንንም አሰበበት። መሠረት የዋሸችው ነገር አልነበረም፤ የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ ጠዋቱን ሙሉ ያነጋገሩት ሰዎች ሁሉ በየበኩላቸው ትክክል ናቸው። አመሰገናትና ወጣ። ወደ ሱቁ ሄዶ ቀዩን ምልክት ለጥቂት ጊዜ አየው። አንድ የአብርሃ ጅራ ገበሬ መጥቶ ለልጁ ሠርግ የሚሆን አልጋ ጠየቀው፤ ሃያ ሁለት ሺህ ተባባሉና፣ ገበሬው «ሰኞ ልምጣ ወይስ ማክሰኞ?» ሲለው ቢያድግልኝ ዞሮ ቀዩን ምልክት እንደገና አየ። የት ይምጣ?

ቀትር ላይ ቤት ገባ። ክፍሉ ውስጥ መርከቧ የነበረችበት ግድግዳ ከሌላው ይልቅ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ቦታው ግን ባዶ አይደለም፤ ስርጉት በሦስተኛው ቀን ያገለገለ ፍሪጅ አስገብታበታለች። አሁን ሁለት ናቸው፤ አንዱ ሲያቃስት ሌላው ይመልሳል። የአባቷ ምሳ ትሪው ላይ ተሸፍኖ ቀርቧል፤ እሳቸው ግን አልተመለሱም። ባልና ሚስት ተቀምጠው በሉ። ቢያድግልኝ ስለ ሼድ ቁጥር ሰባት፣ ስለ እስክሪብቶዎቹና ስለ ሦስቱ ቀዳዳዎች በአጭሩ ነገራት። ስርጉት ስትሰማ ጉርሻዋን አላቆመችም።

«ፈርም፣» አለችው ሲጨርስ። «ዝናብ ሊመጣ ነው። ጣውላህን የት ታደርገዋለህ፣ እኔ ፍሪጅ ውስጥ?»

«ውሸት ነውኮ።»

«አውቃለሁ ውሸት ነው። ብናኙን የዋጥኩት እኔ አይደለሁም እንዴ!» ውሃ ጠጣች። ከዚያ ዓይኗን ከትሪው ሳታነሣ፣ «ለሰሎሞን የነገሩት አባባ ናቸው፣» አለች።

«ምኑን?»

«ጎደሎ መሆኗን። መርከቧ በተወሰደች ማግስት አዳራሹ ድረስ ሄዱ። በአንድ ጎን ብቻ መድፍ የጫነች መርከብ ትገለበጣለች፣ ሠላሳ ሦስት ይጨመር ብለው አዘዙ። ሲበሷትም ቆመው አይተዋል። ትናንት ነው የነገሩኝ። ለባልሽ ንገሪው አላሉኝም፤ አትንገሪው ስላላሉኝ ነው የነገርኩህ።»

ቢያድግልኝ የተሸፈነውን ምሳ አየው። እጁን ታጠበ፣ ንጹሕ ሸሚዙን ለበሰ፤ ከመውጣቱ በፊት የስርጉትን የሽያጭ ደብተር ጀርባ ላይ ፊርማውን ሁለት ጊዜ ሞከረ። ብዙ ጊዜ ስለማይፈርም ሁለቱ ፊርማዎች አይመሳሰሉም፤ ሁለተኛው ይሻላል ብሎ እሱን ያዘ። ከቤት ሲወጣ ወስኖ ነበር፤ ይፈርማል።

ዘጠኝ ሰዓት የተባለው ዝግጅት አሥር ሰዓት ላይ ተጀመረ። ስርጉት በረዶና ከርከዴ እንድታቀርብ ታዝዛ ስለነበር በር አጠገብ ባልዲዋን ይዛ ተቀምጣለች። ሙኽታር አምጥቶ የጨረሰውን ወንበር መልሶ ለመጫን ይጠብቃል። ፊት ረድፍ ላይ አቶ ገብረማርያም ቆባቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል፤ ደረታቸው ላይ «የክብር እንግዳ» የሚል ሪባን አለ። ከዞን የመጡት ዋና እንግዳ ጥሩ ሰው ይመስላሉ፤ ሸሚዛቸው በላብ ተጣብቋል፤ ንግግራቸውን ግን አላሳጠሩም። ስለ ባሕር ለሃያ አምስት ደቂቃ ተናገሩ። በንግግሩ መካከል ከውጭ «ቦቴው መጣ!» የሚል ጩኸት ተሰማና የአዳራሹ ግማሽ፣ ሴቱ ሁሉ ማለት ይቻላል፣ ተነሥቶ ሄደ። እንግዳው ስለ ባሕር የተቀረውን ለወንዶች ተናገሩ።

ከዚያ መርከቧን ሊጎበኙ ተነሡ። በመጀመሪያ በቢያድግልኝ በኩል ቆሙ፤ መዳቡ ጠቁሮ ስለነበር ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው አለፉ። ወደ ሌላው ጎን ሲዞሩ የብር ቀለሙ አብረቀረቀ። «እህ!» አሉ። «ይሄኛው ደግሞ ዘመናዊ ነው።» ፎቶ አንሺው የእስክሪብቶዎቹን ጎን አነሣ። ሰሎሞን ትንሽ አንገቱን ደፋ፤ ሲመሰገን እንደሚደፋ ሰው።

«አባታችን፣» አሉ እንግዳው ወደ አቶ ገብረማርያም ዞረው፣ ማይክሮፎኑንም አስይዘዋቸው፣ «አንቱ የባሕር ሰው ነዎት። እንደ ባለሙያ ሲያዩዋት መርከቧ እንዴት ናት?»

አዛውንቱ ተነሥተው ቆባቸውን አጠለቁ። መርከቧን አንድ ጊዜ ዞሯት። ጎንበስ ብለው ገመዶቹን በጣታቸው ሳብ ሳብ አደረጉ፤ ከዚያ አንዱን የብር መድፍ ነካ ሲያደርጉት ወልቆ እጃቸው ላይ ቀረ። አዩት፤ አገላብጠው አዩት።

«ይህ እስክሪብቶ ነው፣» አሉ። ሕዝቡ ሳቀ። «አትሳቁ፤ እኔ አልንቀውም። እኛ ምጽዋ ላይ የነበሩን መርከቦች መድፍ ከሰበራቸው እስክሪብቶ የበተናቸው ይበልጣሉ።» የሳቁ ሰዎች መሳቃቸው ተገቢ መሆኑን ለማረጋገጥ እንግዳውን አዩ፤ እንግዳው አልሳቁም። አዛውንቱ እስክሪብቶውን ሰሎሞን መዳፍ ላይ በጥንቃቄ አስቀመጡለት። «ይህን እንዲሰኩ ያዘዝኩ እኔ ነኝ። ተናድጄ ነበር። የጠየቅኋቸው ግን መድፍ ነበር። ያኛውን ጎን የሠራው አማቼ ነው፤ ብቻውን፤ ሁለት ዓመት ከሁለት ወር። እልኸኛ ነው፣ ነገር አይሰማም፤ ገመዱን ግን ማንም እንዲህ አይቋጥረውም።»

መሠረት ፋይሎቿን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። እንግዳው ግን ልምድ ያላቸው ሰው ናቸው፤ ችግር ሲያዩ አይደነግጡም፣ ይደምሩታል። «በጣም ጥሩ!» አሉ። «ይህ እንዲያውም የትብብር ማሳያ ነው። አማችዎ ታዲያ ማኅበሩ ውስጥ ይግባ! አሁኑኑ ይፈርም፣ ቁልፉን እሱ ይቀበል።» ጭብጨባ ሆነ። ሙኽታር ከበሩ በፉጨት አጀበ። ቢያድግልኝ በሰው መካከል ወደ ጠረጴዛው ተገፋ። የሼድ ቁጥር ሰባት ቁልፍ በቀይ ሪባን ታስሮ ወረቀቱ ላይ ተቀምጧል፤ መሠረት ቁልፉን አንሥታ ጽሑፉን ወደ እሱ አዞረችለትና የሚፈርምበትን መስመር በጣቷ አሳየችው። ከአሥሩ ስሞች ሥር በእጅ የተጻፈ «11» አለ።

ቢያድግልኝ እስክሪብቶውን ያዘ። ሊፈርም ነበር። ግን ሳያነብ መፈረም ስለማይችል አነበበው፤ ቀስ ብሎ። ያው የሰሌዳው ጽሑፍ ነበር። «የጋራ ጥረት» የሚለው ጋ ደረሰና አለፈው፤ የተበሳው ጎን እንዳለ አስታውሶ ይሁን አለ። «በተሰጠን አቅጣጫ» የሚለውን የብስኩቱን ክዳን አስቦ አለፈው። «በሦስት ወር ውስጥ» የሚለው ላይ እጁ ቆመ።

«ይቺን ብቻ ሰርዙልኝ፣» አለ፣ ማይክሮፎኑን የያዙት አማቱ አጠገቡ ስለነበሩ ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «ሦስት ወር የምትለዋን። ሌላውን እፈርማለሁ።»

መሠረት ጎንበስ አለች። «ሪፖርቱ ወደ ላይ ሄዷል፣ ቢያድግልኝ። ቁጥሩ መመሳሰል አለበት።»

«በሦስት ወር አይሠራም። ዋንዛው ብቻ ለመድረቅ ስምንት ወር ፈጅቷል። ነገ አንድ ሰው በሦስት ወር ሥራልኝ ቢለኝ ምን እለዋለሁ?»

«ሁለት ዓመት ብለን ከጻፍን ምርታማነታችን ይወድቃል፣» አለ ሰሎሞን፣ በእውነት አዝኖ። «ትንሽ ነገር ናትኮ!» አሉ እንግዳው። የእጅ ሰዓታቸውን አዩ፤ ከመምሸቱ በፊት መንገዱን ማገባደድ ነበረባቸው። ስርጉት ከበሩ ሆና በእጇ «ፈርም፣ ፈርም» የሚል ምልክት አሳየችው፤ ከዚያ እጇን ባልዲው ውስጥ ከተተችና እዚያው ተወችው። ቢያድግልኝ ወረቀቱን እንደገና ከላይ እስከ ታች አየ። ሦስቷን ቃል የሚሰርዝ ማንም አልነበረም። እስክሪብቶውን ቁልፉ የነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠውና ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ቆመ። መሠረት ቁልፉን ከነሪባኑ ፋይሏ ውስጥ ከተተችው።

ማንም ምን እንደሚደረግ አላወቀም። አጨብጫቢው ለየትኛው እንደሚያጨበጭብ ግራ ገብቶታል። ማይክሮፎኑ አሁንም አቶ ገብረማርያም እጅ ውስጥ ነበር፤ የሚቀበላቸው ሰው አልመጣም። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በስርጉት በኩል ሊናገሩ የፈለጉ ይመስል መጀመሪያ ወደ በሩ አዩ፤ ልጃቸው ግን ባልዲዋ ላይ አቀርቅራለች። ስለዚህ ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸውን ወደ አማቻቸው አዞሩ።

«ቢያድግልኝ!» አሉ፣ ለመርከበኛ በሚጮኹበት ድምፅ። «ሰኞ ማሽንህን ወደ ግቢዬ ታስገባለህ። ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ግን መጋዝ የለም፤ እተኛለሁ።»